ሸክም በጉልበት እንጂ በወገብ አይነሳም

አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ እህል በረንዳ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ እንደሚለው የእህል ገበያ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ በቆሎው ከየአገሩ በመኪና መጥቶ እዚያ ይራገፋል። እኛም አንድ ቀን በጠዋት ሄድንና ቆመን አየን። የሄድነው እህሉን ለማየት አልነበረም። እህሉን የሚያነሱትን ሰዎች ለማየት ነበር።

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ይህን ሸክም አንድ ሰው ብቻውን ከመሬት አንስቶ ትከሻው ላይ አያደርገውም። ሁለት ሰዎች ጆንያውን በግራና በቀኝ ይዘው ያነሱታል። ሦስተኛው ሰው ዝቅ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል። እነርሱም ያሸክሙታል። እኛ ባየንበት ሰዓት ከሁለቱ አሸካሚዎች አንዱ ሃያ ዓመት ግድም የሚሆነው ወጣት ነበር። ሌላው ግን ጠጉራቸው የሸበተ፣ ወደ ስልሳ የተጠጉ ሰው ናቸው።

ወጣቱ ጆንያውን ሲይዝ እግሩን ገትሮ ከወገቡ ይታጠፋል። ጀርባው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ከዚያ "እህ!" ብሎ በወገቡ ይጎትታል። ሽማግሌው እንደሱ አያደርጉም። መጀመሪያ ጆንያው ድረስ ይጠጋሉ። እግራቸውን ከፈት ያደርጋሉ። መቀመጫቸውን ወደ ኋላ ሰጥተው ቁጢጥ ይላሉ። ጀርባቸው አይጎብጥም። ጆንያውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው በእግራቸው መሬቱን ገፍተው ይነሳሉ። "እህ" እንኳ አይሉም። ረፋዱ ላይ ወጣቱ ሁለት ጊዜ ቆሞ ወገቡን በእጁ ሲደግፍ አየነው። ሽማግሌው ግን ሲደግፉ አላየንም።

ለቁርስ ሲያርፉ ጠጋ ብለን፣ "አባባ፣ እንዲህ አድርጎ ማንሳትን ማን አስተማረዎት?" ብለን ጠየቅናቸው።

"ወገቤ ነዋ!" አሉን ሳቅ ብለው። "እንደዚህ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ወገቤን ቁርጥ አደረገኝ። ሁለት ወር ተኛሁ። ልጆቼን ጎረቤት አበላቸው። ስነሳ ነው እንግዲህ ቁጢጥ ማለትን የተማርኩት።"

ወጣቱ ዳቦውን እያላመጠ ይሰማ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ እኮ እንደርስዎ ልቀመጥ ብል ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል" አለ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚህ በወጣቱ ቃል ምክንያት ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ጉልበትም አላጣም። አወራረዱንና አነሳሱን ግን ማንም አላስተማረውም። ሁለት ወር ሳይተኛ መማር ይችላል? እኛ ይችላል እንላለን። ትምህርቱ ቁጭ ብድግ ነው።

ቁጭ ብድግ ስንል ብዙ አንባቢ ፈገግ እንደሚል እናውቃለን። አብዛኞቻችን የምናውቀው በቅጣትነቱ ነው። ልጅ አረፈደ ወይም አወራ ተብሎ ጆሮውን ይዞ "ሃምሳ ቁጭ ብድግ!" ይባላል። ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። ይህ በጣም ያሳዝነናል። ለሰውነት ከሚጠቅሙት እንቅስቃሴዎች አንዱን መቅጫ አደረግነውና ልጆቹ ጠልተውት አደጉ። ደግሞስ ጆሮ ይዞ፣ ተጣድፎ፣ አፍሮ የሚሠራ ቁጭ ብድግ ምን ዓይነት ቁጭ ብድግ ነው? ተረከዝ ይነሳል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ ጉልበትና ጉልበት ይጋጫል። ልጁ ስህተቱን ሃምሳ ጊዜ አጠና ማለት ነው።

በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እግር የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ብርታት ነው። ጉልበት ያለው ሰው ብርቱ ሰው ነው። ይህን ስያሜ ያወጡ አባቶቻችን ሳያስተውሉ ያወጡት አይመስለንም። በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ጡንቻዎች ትልልቆቹ ያሉት በጭንና በመቀመጫ ላይ ነው። ወገብ ላይ ያሉት ግን ከእነዚህ ያነሱ ናቸው። የእነርሱ ዋና ሥራ አከርካሪን አጽንቶ መያዝ ነው። ከባድ ነገር በወገብ ማንሳት ማለት በሬው ቆሞ ሳለ ጥጃውን መጥመድ ነው።

እስቲ አከርካሪን እንመልከት። ከአንገት እስከ ወገብ 24 አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረዋል። የታችኞቹ አምስቱ የወገብ አጥንቶች ናቸው፤ የላዩን ሁሉ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። በአጥንትና በአጥንት መካከል ደግሞ ዲስክ የሚባል ለስላሳ ነገር አለ። ዲስክ ውጪው ጠንካራ ነው። ውስጡ ግን እንደ ወፍራም አጥሚት ያለ ነው። ስንራመድና ስንዘል አጥንት ከአጥንት እንዳይጋጭ የሚያደርገው እርሱ ነው። ጎብጠን ከባድ ነገር ስናነሳ ዲስኩ ከፊት በኩል ይጨመቃል፤ ውስጡ ያለውም ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የውጪው ሽፋን ሊሰነጠቅ ይችላል። ከኋላ በኩል ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች አሉ። ዲስኩ ወጥቶ ነርቭ ሲነካ ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ጣት ይወርዳል። "ወገቤን ቁርጥ አደረገኝ" ከሚሉት ሰዎች አንዳንዶቹን የያዛቸው ይህ ነው።

አልፍ ናኬምሰን የሚባሉ የስዊድን ሐኪም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለታችን ነው፣ ይህን ነገር ለክተውት ነበር። ቀጭን መርፌ በሰው ዲስክ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን አነበቡ። ሰው ተጋድሞ ሳለ ግፊቱ ትንሽ ነው። ሲቆም ይጨምራል። ጎንበስ ብሎ ዕቃ ሲይዝ ደግሞ በጣም ይጨምራል። መርፌውን እሺ ብለው የተወጉትን ሰዎች ማመስገን ይገባል።

ይሁን እንጂ አንባቢዎቻችንን ማስፈራራት አንፈልግም። ወገብ ብርጭቆ አይደለም። የወደቀ መርፌ ወይም የልጅ ጫማ ጎንበስ ብሎ ማንሳት አይጎዳም። ገበሬ ሲያጭድ ያጎነብሳል፤ እናት ስትጠርግ ታጎነብሳለች። እኛ የምንናገረው ስለ ከባድ ሸክም ነው። በከባድ ሸክም ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ሸክሙ ለሰውነት ያለው ቅርበት ነው። ይህን እቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ውሰዱ። ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙት። ቀኑን ሙሉ ብትይዙት አይከብድም። አሁን ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያዙት። ብዙም ሳትቆዩ ክንዳችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ ነው፤ የራቀው ርቀት ነው የከበደው። ጆንያም እንደዚሁ ነው። ቁጢጥ ብሎ ማንሳት የሚጠቅመው አንዱም ጆንያውን በሁለት እግር መካከል አስገብቶ ለማቀፍ ስለሚያስችል ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። መጀመሪያ ምንም ሸክም አይያዝም። ፊደል ስንቆጥር ከሀ ጀመርን እንጂ ደብዳቤ ከመጻፍ አልጀመርንም። ቁጭ ብድግም እንደዚያው ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ በርጩማ ወይም አግዳሚ ወንበርና ደልዳላ መሬት ብቻ ነው። ወንበሩ የማይንሸራተት ይሁን፤ ግድግዳ ቢያስደግፉት ይሻላል። ጫማችሁ ተረከዘ ረጅም ወይም የላላ ነጠላ ጫማ ከሆነ አውልቁት። ባዶ እግር ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ እግር መሬቱን ያውቃል።

ወንበሩን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። እግራችሁን የትከሻችሁን ስፋት ያህል ክፈቱ። ጣቶቻችሁ ትንሽ ወደ ውጪ ይመልከቱ። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ሚዛን ይጠብቅላችኋል። አየር ሳቡ፤ ሆዳችሁን ሰው ሊመታችሁ እንደመጣ ጠበቅ አድርጉት። ከዚያ በጉልበታችሁ አትጀምሩ፤ በዳሌያችሁ ጀምሩ። እጃችሁ ዕቃ ሞልቶት የቤት በር በመቀመጫችሁ የምትዘጉ ይመስል ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ስጡ። ያን ጊዜ ጉልበት ራሱ ይታጠፋል። ደረታችሁ ወደ ፊት ትንሽ ያዘነብላል፤ ይህ ስህተት አይደለም። ደረት ማዘንበልና ጀርባ መጉበጥ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ቀስ ብላችሁ ውረዱ። መቀመጫችሁ ወንበሩን ሲነካ ዘፍ አትበሉ። ነካ አድርጋችሁ ብቻ በተረከዛችሁና በመላ ውስጠ እግራችሁ መሬቱን ገፍታችሁ ተነሱ። ስትነሱ አየሩን አውጡ።

አንድ ጊዜ ሠራችሁ ማለት ነው።

ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እኛ ራሳችን ስንሞክረው ከመካከላችን በትክክል የሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ገጠር ያደገው ነው። ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ፣ እሳት ሲሞቅ፣ ሲጫወት ቁጢጥ ብሎ ነው የኖረው። እኛ ወንበር ላይ የኖርነው ግን ተረከዛችን እየተነሳ፣ ወደ ኋላ እየወደቅን ሳቅን። ቁርጭምጭሚታችን ደርቆ ነው። እንዲህ የሆነባችሁ ሰዎች የበሩን መቃን ወይም የቤቱን ምሰሶ ያዙ። ይዛችሁ ውረዱ፤ ከታች ትንፋሻችሁን አምስት ጊዜ ያህል ስባችሁ ቆዩ፤ ይዛችሁ ተነሱ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይህን ብታደርጉ ቁርጭምጭሚት ይላላል። የእኛም ላልቷል፤ ግን አንድ ወር ፈጅቷል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ጉልበት ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ሰው ሲነሳ ሁለቱ ጉልበቶቹ እንደ ተፋቀሩ ሰዎች ይጠጋጋሉ። ይህ የጉልበትን ጅማት ያለ አግባብ ይወጥራል። ጉልበት የእግር ጣቶች ወደሚያዩበት ማየት አለበት። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ቢያያችሁ ጥሩ ነው፤ እናንተ ለራሳችሁ አይታያችሁም።

ጀርባን ለመፈተን ደግሞ ዱላ ይበቃል። ቀጥ ያለ ዱላ በጀርባችሁ ላይ በቁመት ያዙ፤ ወይም ሌላ ሰው ይያዝላችሁ። ዱላው ሦስት ቦታ መንካት አለበት። አንዱ የራስ ቅል ኋላ ነው። ሁለተኛው በትከሻ አጥንቶች መካከል ነው። ሦስተኛው ከመቀመጫ በላይ ያለው አጥንት ነው። ስትወርዱም ስትነሱም ሦስቱም እንደነኩ መቆየት አለባቸው። ዱላው ከአንዱ ቦታ ከለቀቀ እዚያ ላይ ወሰናችሁ ነው። ከዚያ በታች ለጊዜው አትውረዱ። ወሰኑ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየወረደ ይሄዳል።

"ጉልበት ከእግር ጣት አልፎ መሄድ የለበትም" የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ምክር ለሁሉ አይሠራም። ጭኑ ረጅም የሆነ ሰው ጉልበቱ ከጣቱ ካላለፈ ወደ ኋላ ይወድቃል። ተረከዝ መሬት ላይ ካለና ሕመም ከሌለ ጉልበት ጥቂት ቢያልፍ ምንም አይደለም። በጥልቀት መውረድ ጉልበትን ያበላሻል የሚለው ወሬም ታሪክ አለው። በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ካርል ክላይን የሚባሉ ምሁር ጥልቅ ቁጭ ብድግ የጉልበትን ጅማት ያላላል ብለው ጻፉ። ወሬው ከአገር አገር ዞረ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ጤነኛ በሆነ ጉልበት ላይ፣ በሥርዓት ሲሠራ ይህ ጉዳት አልታየንም አሉ። ወሬው ግን ዛሬም አልሞተም። እኛ አገር ቁጢጥ ብሎ ውሎ የሚያድር ሕዝብ እያለ ይህን ወሬ ከውጭ ተቀብለን ማስተጋባታችን ይገርማል።

ስንት ጊዜ ይሠራ? ጀማሪ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ሠርቶ ትንፋሹ እስኪመለስ ይረፍ። እንደዚህ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃዋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሥራ፤ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን ይረፍ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ጭን ቢያም አትደንግጡ። ጡንቻ አዲስ ሥራ ሲያገኝ እንደዚያ ይሆናል፤ በጥቂት ቀን ይለቃል።

ማብዛት ግን አደገኛ ነው። ይህን ጠንከር አድርገን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ልጆችን መቶ ሁለት መቶ ቁጭ ብድግ የሚያሠሩ ሰዎች አሁንም አሉ። ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን እጅግ ሲያበዛ ጡንቻው ይፈርሳል። የፈረሰው ጡንቻ በደም ገብቶ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። ምልክቱ የጭን እብጠትና ከባድ ሕመም፣ እንዲሁም እንደ ደፈረሰ ሻይ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህን ያየ ሰው ውሎ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በዚህ ዓይነት ቅጣት ልጆች ሆስፒታል መግባታቸው በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል። መምህራን ይህን ቢያነቡልን ደስ ይለናል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ጉልበት ውስጥ እንደ ጩቤ የሚወጋ ሕመም ካለ አቁሙ። ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ መደንዘዝ ካለ አቁሙና ሐኪም ይያችሁ። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ቡአ ያለበት፣ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች ሴት አስቀድመው የጤና ባለሙያ ይጠይቁ። የደም ግፊት ያለበት ሰው በተለይ ትንፋሹን ቋጥሮ አያንሳ፤ ትንፋሽ ሲቋጠር ግፊቱ ይወጣል።

ባዶውን ያለ ወንበር አሥራ አምስት ጊዜ በደንብ ከሠራችሁ ሸክም መጨመር ትችላላችሁ። የሰፈር ወጣቶች የቀለም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሰው፣ በብረት ቧንቧ አገናኝተው ብረት ያነሳሉ። ብልሃቱን እናደንቃለን። ነገር ግን ያንን ብረት ማጅራት ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ መሥራት ለጀማሪ አይመከርም። ሁለቱ ጣሳዎች ክብደታቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ማስቀመጫ ቋሚ ስለሌለውም ሰው ከታች ሆኖ መነሳት ሲያቅተው ብረቱ ከላይ ይጫነዋል። ከዚህ ይልቅ አምስት ኪሎ ዱቄት በሁለት እጃችሁ ደረታችሁ ላይ እቀፉ። ወይም ጀሪካን ውኃ ጨምሩበት፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ መቁጠሩ ቀላል ነው። ሲከብዳችሁ ከፊታችሁ መልቀቅ ትችላላችሁ። ደረት ላይ የታቀፈ ሸክም ደግሞ ጀርባችሁን ራሱ ቀጥ ያደርገዋል። በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ብትጨምሩ ይበቃል። መቸኮል የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ጆንያው የሚመጣው። ጆንያ ስታነሱ መጀመሪያ መንገዱን እዩ። የሚያደናቅፍ ድንጋይ ካለ አንሱት። ጆንያውን በእግራችሁ መካከል አድርጉት። ቁጢጥ በሉ፤ እቀፉት፤ ሆዳችሁን አጥብቁ፤ ተነሱ። ዳሌ ቀድሞ እንዳይነሳ ተጠንቀቁ። ዳሌ ከቀደመ ደረት ወደ ኋላ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ተመልሶ ወገብ ላይ ይወድቃል። ደረትና ዳሌ አብረው ይነሱ። ወደ ጎን ለመዞር ስትፈልጉ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፤ እግራችሁን አንስታችሁ ዙሩ። ሁለት ሆናችሁ ስታነሱ አንዱ ይቁጠር። አንዱ ሲነሳ ሌላው ካልተነሳ የቀደመው ሰው ከግማሽ በላይ ይሸከማል።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አንፈልግም። የአነሳስ ሥርዓት 100 ኪሎን ቀላል አያደርገውም። ሁለቱ አሸካሚዎች ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ይካፈላሉ፤ የሚሸከመው ሦስተኛው ሰው ግን መቶውን ብቻውን ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ገና በ1967 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሸክም ስምምነት አውጥቷል። ከስምምነቱ ጋር በወጣው ምክር አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ በላይ ከሆነ በቶሎ ወደዚያ እንዲቀነስ ይላል። ለሴቶችና ለወጣቶች ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ መሆን አለበት። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል፤ ማንም አልተቸገረም። እህልስ በሃምሳ ኪሎ ቢሰፋ ምን ይጎድላል? ይህን ሽማግሌውን ጠየቅናቸው።

"የሚከፈለን በጆንያ ነዋ" አሉ። "ጆንያው ግማሽ ሲሆን ዋጋውም ግማሽ ይሆናል። ወገባችንን ሲያዩልን ሆዳችንንም ይዩልን።"

መልሳቸው እውነት ነው። በኪሎ ቢከፈል ግን ሁለቱም ይታያሉ። ነጋዴዎችም ተሸካሚዎችም ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር ነው። እስከዚያው ወጣቱ አነሳሱን መማር አለበት።

ቁጭ ብድግ የተሸካሚ ብቻ ትምህርት አይደለም። በእኛ ሰፈር ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ እናት አሉ። እንጀራ ሲጋግሩ፣ ቡና ሲያፈሉ የኖሩት ዱካ ላይ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ከዱካው መነሳት አቃታቸው። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ታነሳቸዋለች። ልጅቷ ሥራ ስትሄድ እማማ ዱካ ላይ መቀመጥ ይፈራሉ። "ከተቀመጥኩ እስክትመጪ እዚያው ነኝ" ይሏታል። ሽንት ቤት መሄድ ሁሉ ጭንቅ ሆኖባቸው ነበር። እኛ በዚህ ነገር ያዘንነው ከጆንያው አላነሰም። ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ልቡ መቀመጥ ካቃተው ምን ቀረው?

በአሜሪካ አገር የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለሽማግሌዎች የሚጠቀምበት ቀላል መፈተኛ አለ። ሰውየው 43 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያመሳቅላል። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስቶ እንደቆመ ይቆጠራል። በእጁ ከተደገፈ ዜሮ ነው። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 74 ለሆነ ሴቶች ከ10 በታች ከሆነ ለመውደቅ የተጋለጡ ናቸው ይባላል። እማማ መጀመሪያ ቀን ዜሮ አገኙ። "እንግዲህ ወደቅኩ በሉኛ!" ብለው ሳቁ።

ጤና ጣቢያ ሄደው ልባቸውና ግፊታቸው ታየ፤ ችግር የለም ተባለ። ከዚያ ጀመርን። የጀመርነው ከዱካ አይደለም። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሁለት ትራስ ደርበን፣ ግድግዳ አስደግፈን፣ ልጃቸው ከፊታቸው ቆማ ነው። መጀመሪያ ወደ ፊት አዘንብሎ አፍንጫን ከእግር ጣት በላይ ማድረስን ተማሩ። ብዙ ሽማግሌዎች መነሳት የሚያቅታቸው ክብደታቸውን ወደ ኋላ ትተው ወደ ላይ ስለሚታገሉ ነው። ይህን ብቻ ሲያስተካክሉ በዚያው ቀን ከትራሱ ላይ ያለ እጅ ተነሱ። ራሳቸውም አላመኑም። "ድገሚ በሉኝ እስቲ" አሉ።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት፣ አምስት አምስት ጊዜ ሠሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱ ትራስ ወጣ። በሁለት ወር ሁለተኛው ወጣ። አንዳንድ ቀን ጉልበታቸውን እያመማቸው ይተዉታል፤ በማግስቱ ደግሞ ይቀጥላሉ። ባለፈው ቅዳሜ በሰዓት ቆጥረን ሰባት ደረሱ። አሥር አልሞላም። ሆኖም ያን ዕለት ቡናውን ያፈሉት ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛውን ሲቀዱ ስኳር መርሳታቸው ትዝ አላቸው። ልጃቸው ልትነሳ ስትል "ተይው፣ እኔ አመጣዋለሁ" አሉና አፍንጫቸውን ወደ ፊት ሰጥተው፣ ተረከዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ከዱካው ተነሱ።